ከወርቁ ዋሻ የመጣው ውሃ

ባለቤቴ የውሃ መሐንዲስ ነበር። ምግብ ቀርቦ እንኳ ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንስቶ ሳያይ አይጠጣም። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር ያልፈጠረብኝ ሴት ነኝ፤ «ጠጣው እንጂ፣ ልታገባው ነው እንዴ?» እለዋለሁ። ይስቃል። ያን ጊዜ ገና ይስቅ ነበር።

በሰባዎቹ መጨረሻ ላይ ናይሮቢ ውስጥ ካሳራኒ ነበር የምንኖረው፤ ከቲካ መንገድ ገባ ብሎ ካሉት የኪራይ ፎቆች በአንዱ። እኔ መሃል ከተማ አንድ የአየር መንገድ ትኬት ቢሮ እሠራለሁ። እሱ የተቀጠረው በአንድ የውጭ ድርጅት ነው። የመኖሪያ ፈቃዳችን በእሱ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ሥራው ከሄደ እኛም እንሄዳለን። ወዴት? አገር ቤት ደርግ አለ። ታላቅ ወንድሙን በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት አውጥተው እንደወሰዱት ቀርቷል፣ የባለቤቴንም ስም ሲጠይቁ እንደነበር ሰምተናል። ስለዚህ የድርጅቱን ደብዳቤ እንደ ዓይናችን ብሌን ነበር የምንጠብቀው።

ድርጅቱ የሰጠው ሥራ ደግሞ ይኸውላችሁ። በምዕራብ ኬንያ እንግሊዞች ወርቁን ቆፍረው ሲጨርሱ ጥለውት የሄዱት የማዕድን ዋሻ አለ። ከዋሻው ውስጥ ሌሊትና ቀን ቀይ ውሃ ይወጣል። ድንጋዩን ዝገት አልብሶ፣ ሣሩን አድርቆ ከሥር ያለው ወንዝ ይገባል። የአካባቢው ሰው ግን ሞኝ አይደለም። ቀዩን ውሃ አይጠጣም፣ ከብትም አያጠጣም፤ ሴቶቹ ዳገት ወጥተው ከላይ ካለ ምንጭ ይቀዳሉ። የባለቤቴ ሥራ ያንን ውሃ ማጽዳት ነበር። ከዋሻው አፍ ላይ ኖራ ይጨመርበታል፤ ቀዩ ነገር ይረጋና ወደ ኩሬ ሥር ይዘቅጣል፤ ከላይ የቀረው ጠርቶ በቧንቧ ይወርዳል። ሲነግረኝ ቀላል ነበር። ሁለት ዓመት ግን ፈጅቶበታል።

ሥራው ሲያልቅ አለቃው ሩንዳ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ካለው ቤቱ እራት ጋበዘን። አለቃው ፈረንጅ ነው፤ ረዥም፣ ሳቂታ፣ ትከሻ መምታት የሚወድ። ከምግቡ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ አስቀመጠ። አንዱ እንደ ደም የቀላ፣ ሌላው ኩልል ያለ። «የፊቱና የኋላው!» አለ። እንግዶቹ አጨበጨቡ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ባሌ ነዋ! ያን ጊዜ ቀሚሴ ጠቦኝ ነበር፤ በኩራት ይሁን በምግብ እንጃ። በቅርቡ ባለሥልጣን ተጠርቶ ቧንቧው እንደሚመረቅ፣ ሕዝቡም ከዚያው እንደሚጠጣ አለቃው ተናገረ።

ሳህን የሚያነሳው ወጥ ቤት ሠራተኛ ነጭ ሽርጥ የለበሰ ጎልማሳ ሰው ነበር። ኩልል ካለው ብርጭቆ አጠገብ ሲደርስ ቆም አለ። በስዋሂሊ ቀስ ብሎ፣ ጌታዬ ለማለት «ብዋና» እያለ ባለቤቴን ጠየቀው።

«ብዋና፣ ይሄ የኛ ወንዝ ነው? እኔኮ የዚያ አገር ሰው ነኝ። እናቴ ከወንዙ ዳር ነው ያለችው።»

«የናንተው ነው» አለው ባለቤቴ።

«ዳገቱ አድክሟታል፤ ጉልበቷን ያማታል። ልንገራት?»

ባለቤቴ ትንሽ ቆየ። አለቃው ፈገግ ብሎ ያያቸው ነበር።

«ንገራት» አለው።

ሰውየው ሁለት እጁን አገናኝቶ አመሰገነ። እኔ ያችን ትንሽ መቆየት አላስተዋልኳትም። ሳስበው ነው በኋላ የመጣችልኝ።

እናቴ እኛ ዘንድ ከመጣች ዓመት አልሞላትም ነበር። ታናሽ ወንድሜን ለብሔራዊ ውትድርና ከወሰዱት ወዲህ ብቻዋን ቀርታ፣ ለቅሶ ልድረስ ብላ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አስወጥታ ወደ ሞያሌ ወረደች። ከሞያሌ ያሻገራት ናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር የጨርቅ ሱቅ ያለው የኛው አገር ሰው ነው። እስላም ነው፤ በየጊዜው ሞያሌ ይመላለሳል። ከመኪናው ጋቢና ከጎኑ አስቀምጦ፣ በየኬላው «እናቴ ናት» እያለ በራችን ድረስ አመጣልኝ። ከዚያ ወዲህ ሳይጠይቃት አይሰነብትም።

እማዬን ጨጓራዋ ያሰቃያታል። ሐኪም ቤት ወሰድናት፤ ክኒንና ነጭ ፈሳሽ መድኃኒት ሰጧት። ሻል አላት፤ እሷ ግን አላመነችበትም። የምትፈልገው ጠበል ነው። የልጅነት ደብሯን ጠበል። ባለቤቴ በዚህ ይቀልድባት ነበር። «እማማ፣ ውሃ ውሃ ነው፤ እኔ ላብራቶሪ ወስጄ ምን እንዳለበት ልንገርዎ» ይላታል። «አንተ ልጅ፣ ትምህርቱ አስክዶሃል» ትለዋለች። እኔም ከመድኃኒት ጋር መደባለቅ ጥሩ አይደለም ብዬ ተቆጣኋት። ከዚያ በኋላ የጠበል ነገር እኛ ፊት ማንሳት ተወች። የተወችው ለካ እኛ ፊት ብቻ ነው።

ለነጋዴው ነግራው ኖሯል። «እማማ፣ በእስላም መኪና የመጣ ጠበል ይሠራል እንዴ?» ብሎ ቢቀልድባት፣ «ሾፌሩ ደግ ከሆነ ይሠራል» አለችው። ሞያሌ ድረስ የሚያደርስለት ሰው ፈልጎ በጀሪካን ሊያስመጣላት ቃል ገባላት። እሷም ከጎረቤታችን ጋር ሆና መጠበቅ ጀመረች። ጎረቤታችን ከፎቃችን ከወዲያ በር የምትኖር ያገራችን ሴት ናት፤ ጥሩ ሰው ናት፣ ምላሷ ብቻ ረፍት የለውም።

ከእራቱ ግብዣ በኋላ ባለቤቴ እንደገና ወደ ምዕራብ ሄዶ ተመለሰ። ሲመለስ አንድ ቢጫ ጀሪካን ይዞ ነበር። ፀሐይ እንዳያገኘው ብሎ በኮሪደሩ ጥግ፣ ቀዝቀዝ ካለው ስፍራ በርጩማ ላይ አስቀመጠው፤ በነጭ ፎጣ ሸፈነው። እማዬ ያን ሰዓት ቅዳሴ ሄዳለች። «ምንድነው?» አልኩት። «የቢሮ ነው» አለኝ። ፊቱ ደስ አይልም። ምሳውን ሳይጨርስ ተነሳ። የድካም ነው ብዬ ተውኩት።

አሁን እስቲ አስቡት። አንዲት የገጠር ሴት ከቅዳሴ ስትመለስ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጀሪካን ጥግ ላይ ተቀምጦ ታገኛለች። ጠበል መሬት ላይ አይጣልም፣ በንጹህ ጨርቅ ይሸፈናል፣ ሰው ከማይረግጠው ቦታ ይቀመጣል። ነጋዴው ከሰሞኑ አመጣለሁ ብሏታል። ቤት ውስጥ ያሉት ልጇና አማቿ ደግሞ ስለ ጠበል ሲነሳ ፊታቸውን የሚያጠቁሩ ናቸው። ምን ትበል? ሰውየው በሌለሁበት አምጥቶ አስቀምጦልኝ ሄደ፣ እነዚህም አይተው እንዳላዩ ሆኑልኝ አለች። በልቧ አመሰገነችን።

ጠበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው። ሲጠጡት ደግሞ እንደ መድኃኒት በማንኪያ አይደለም፤ ሆድ እስኪሞላ ነው። እኛ በማታቱ ሚኒባስ ተሳፍረን ወደ ሥራ ስንሄድ ጎረቤቴ ትመጣለች፣ እማዬ አማትባ ትጠጣለች። ክኒኑን አቆመች፣ ሁለቱ አይደባለቁማ። እኔው ነኝ ያልኳት! ውሃው ትንሽ ኮምጠጥ፣ ኖራ ኖራ ይል ነበር አሉ። «ኃይለኛ ነው» ተባባሉ። ከዚያ ማስመለስ ጀመረች። ጠበል የጠጣ ሰው ሲያስመልሰው ደግሞ እሰየው ነው፤ በሽታው እየወጣ ነው። ብዙ ባስመለሳት ቁጥር ጨምራ ጠጣች።

ማታ ማታ ጠይም ፊቷ አመድ መስሎ አያታለሁ። «ጾም ላይ ነኝ» ትለኛለች። ጾም አያልቅባትም፤ አመንኳት።

አንድ ቀን ቢሮ ስልክ ተደወለልኝ። ጎረቤቴ ናት፤ ድምፅዋ በደስታ ይንቀጠቀጣል።

«ነይ ቶሎ! እናትሽ ሊለቃት ነው። ጥቁር ጥቁር ነገር ወጣላት። እልል በይ!»

እንዴት ከቢሮ እንደወጣሁ አላውቅም። ቤት ስገባ እማዬ ፍራሽ ላይ ተኝታለች፤ ባልዲ ከጎኗ። ከንፈሯ ደርቋል፣ እጇ እንደ በረዶ ነው፣ እግሯን ቁርጠት ይጨመድደዋል። ጎረቤቴ ግንባሯን እየጠረገች «አይዞሽ፣ አለቀ፣ አለቀ» ትላታለች። እማዬ ዓይኗን ገልጣ አየችኝና ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«አትቆጪኝ። ይሄው እየተሻለኝ ነው» አለችኝ።

ከፍራሹ አጠገብ ነጩ ፎጣ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ጀሪካኑ ከግማሽ በታች ሆኗል።

ለባለቤቴ ደውዬለት ስለነበር ወዲያው ደረሰ። በሩ ላይ ሆኖ መጀመሪያ ያየው እማዬን አይደለም፤ ጀሪካኑን ነው። እኔ አብሬው ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ወንድሙ የቀረ ጊዜ እንኳ እንደዚያ ያለ ፊት አላየሁበትም። «ማን ጠጣው?» አለ። መልስ ሳይጠብቅ እማዬን እንደ ሕፃን አቅፎ ደረጃውን ወረደ።

ሐኪም ቤት ወጣቱ ሐኪም «ምን በላች? ምን ጠጣች?» ብሎ ጠየቀ። ጎረቤቴ ስለ ጠበል ልታስረዳው ስትጀምር ባለቤቴ አቋረጣት።

«አርሰኒክ ሊሆን ይችላል» አለ በእንግሊዝኛ። «ከወርቅ ማዕድን የመጣ ውሃ ነው። ብዙ ጠጥታለች።»

አንዴም አልተንተባተበም። ሐኪሙ ሮጠ፣ መርፌ ተዘጋጀ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ። በዚያ ሰዓት መጀመሪያ ወደ ጭንቅላቴ የመጣው እማዬ አይደለችም፤ ሁለቱ ብርጭቆዎች ናቸው። ኮሪደር ላይ ሸሚዙን ይዤ ጎተትኩት።

«ንጹህ ነው ብለህ አልነበር? ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ቆመህ ስቀህ አልነበር?»

እያለቀሰ ነገረኝ። ቢሮው የሚመረምረው ዝገቱንና ኮምጣጣነቱን ብቻ ነው፤ ሁለቱም ወርደዋል፣ ውሃውም ጠርቷል። እሱ ግን ወንዙ ዳር ሲመላለስ፣ ጠርቶ እንኳ እንቁራሪት እንዳልተመለሰበት አየ። የተቆፈረው ድንጋይ አርሰኒክ የሚባለው መርዝ የሚኖርበት ዓይነት ነው። ለአለቃው ሲያነሳበት «ከምረቃው በኋላ እናየዋለን» አለው። ስለዚህ ቢሮው ሳያውቅ ዩኒቨርሲቲ ያለ ወዳጁ ዘንድ ሊያስመረምር ጀሪካን ሞልቶ አመጣ፤ ወዳጁ ከከተማ ወጥቶ ስለነበር እስኪመለስ ቤት አስቀመጠው።

«ታዲያ ከግብዣው በፊት ጠርጥረህ ነበር» አልኩት።

«ጠርጥሬ ነበር።»

«ለምን ዝም አልክ?»

«ሥራው ከሄደ የት ነው የምንገባው?» አለኝ። «አንቺን ይዤ፣ እናትሽን ይዤ የት ልግባ?»

ሸሚዙን ለቀቅኩት። ምክንያቱ እውነት ነበር፤ ያ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

እማዬ ትንሽ ነፍስ ዘራች። ኩላሊቷ ግን እምቢ አለ። ሐኪሞቹ የድሮው በሽታዋም፣ ዕድሜዋም፣ ውሃውም እያሉ ሁሉን አንድ ላይ ይናገራሉ። ጠበሉ እየሠራላት እንደሆነ አምና ነበር የተኛችው፤ እንዳለች ትሂድ ብዬ ባለቤቴን ለመንኩት። አልሰማኝም። አልጋዋ ሥር ተንበርክኮ ሁሉንም ነገራት፤ ጀሪካኑ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳለበት፣ አለቃውን፣ ምረቃውን። ከዚያ እግሯን ሊስም ጎንበስ አለ። እግሯን ሰበሰበችበት።

«እኔን ይቅርታ አትጠይቀኝ» አለችው፤ ድምፅዋ ቀጥኗል። «እኔን ያጠጣኸኝ ሳታውቅ ነው። አውቀህ የምታጠጣቸው አሉ አይደል? እነሱ እግር ላይ ውደቅ።»

ሌላ ብዙም አልተናገረችም። በማግስቱ አረፈች። ናይሮቢ አፈር ላይ ቀበርናት፤ ቀባሪው ከመቃብሩ ዙሪያ የማይበልጥ ሰው ነበር። ወንድሜ በሕይወት ይኑር አይኑር አናውቅም፤ የእናቱን ሞት ለማን እናረዳለን? ጎረቤቴ ደረቷን እየመታች «እልል በይ ያልኩሽ እኔ ነኝ» እያለች ስታለቅስ እሷን ማጽናናት ለኔ ተረፈ።

ለቅሶው ላይ ነጋዴው መጣ። ሞያሌ ሆኖ ምንም አልሰማም ነበር። በሩ ላይ ጫማውን አውልቆ፣ በንጹህ ነጠላ ጫፍ የታሰረ ቢጫ ጀሪካን በሁለት እጁ ይዞ ገባ። ጥቁር ልብሴን አየና ባለበት ቆመ። «እህቴ፣ መሬት ሳላስነካው ነው ያመጣሁት» አለኝና ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። ያን ጠበል ጎረቤቴ ወስዳ ለበሽተኛ አከፋፈለችው። እኔ አጠገቡ መድረስ አቃተኝ።

ባለቤቴ ወዳጁ ውሃውን መርምሮለት ከዩኒቨርሲቲው ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ «አለበት» አለኝ። «ብዙ ነው።» ሄዶ ለአለቃው ነገረው። አለቃው ስለ እማዬ በጣም እንዳዘነ ተናገረ፤ ምረቃው ግን ሊተላለፍ እንደማይችል፣ እንግዶች እንደተጠሩ፣ አንድ ምርመራ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ አስረዳው። ውሉም የሚታደስበት ጊዜ መድረሱን በትህትና አስታወሰው። ባለቤቴ ቤት ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። እሑድ ሆነ፣ አልተነሳም።

ብርድ ልብሱን ገፈፍኩት።

«ተነስ» አልኩት። «እናቴ የምትሄድበትን ነግራሃለች።»

እማዬ የጠጣችበትን ጀሪካን ከነተረፈው ውሃ ይዤ ወጣሁ። ከነጥቁር ልብሴ ማታቱ ተሳፈርኩ፤ ረዳቱ ላምባ መስሎት «ማማ፣ ላምባ ይዞ መግባት ክልክል ነው» አለኝ። ክዳኑን ከፍቼ አፍንጫው ሥር ያዝኩለት። «ውሃ ነው ለካ» ብሎ ሳቀና ተወኝ። ጀሪካኑን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ባለቤቴ አጠገቤ አንገቱን ደፍቶ፣ መሃል ከተማ ደርሰን፣ ሌላ ተሳፍረን፣ ከዚያ በእግራችን ሩንዳ ገባን።

አለቃው ከሚስቱ ጋር በረንዳው ላይ ምሳ እየበላ ነበር። ደንግጦ ተነሳ፣ አዘንኩ አለ፣ ወንበር ሳበልኝ። አልተቀመጥኩም። ከጠረጴዛው ላይ ባዶ ብርጭቆ አንስቼ ከጀሪካኑ ሞላሁት። ኩልል ያለ ነው። እዚያው ቤት በግብዣው ማታ ካየሁት ጋር ምንም ልዩነት የለውም። ፊቱ አስቀመጥኩለት።

«ይጠጡ» አልኩት።

«እመቤቴ፣ በዚህ ሁኔታ…»

«ንጹህ ነው ብለዋል። እናቴ ጠጥታዋለች። እርስዎም ይጠጡ፣ ከዚያ እንሄዳለን።»

ሚስቱ ብርጭቆውን በጣቷ ገፋ አድርጋ ከሳህኑ አራቀችው። እሱ ብርጭቆውን አየ፣ ባለቤቴን አየ፣ እጁን ግን አላነሳም። «ይህ አግባብ አይደለም» አለ መጨረሻ ላይ። ሥጋው ሳህኑ ላይ ይቀዘቅዛል።

በሩ ላይ ሰው እንዳለ ያየሁት ያኔ ነው። ወጥ ቤት ሠራተኛው ትሪ ይዞ ቆሟል። እንግሊዝኛችንን ምን ያህል እንደሰማ አላውቅም፤ ያልተጠጣውን ብርጭቆ ግን አይቷል። ትሪውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ወደ አለቃው አልዞረም። ወደ ባለቤቴ ነው የዞረው።

«ብዋና» አለው በስዋሂሊ፣ «ንገራት ብለኸኝ ነበር።»

ባለቤቴ አንድ እርምጃ ወደ እሱ ቀረበ።

«ነገርኳት። ገና ሳይመረቅ ከኩሬው መቅዳት ጀምራለች፤ ዳገቱን ትታዋለች። ልጄ የሚሠራላቸው ሰዎች አጸዱልን እያለች ለመንደሩ ሁሉ ትናገራለች።»

ባለቤቴ እዚያው በረንዳው ላይ የሠራተኛው እግር ሥር ወደቀ። ሁለት ጫማውን አቅፎ ያዘ። ሰውየው የኛን አገር ወግ ከየት ይወቀው፤ ደንግጦ ወደኋላ አፈገፈገ፣ «ተነስ፣ ተነስ ብዋና፣ ምን እያደረግህ ነው?» አለ። ከዚያ እኔን አየኝ፣ ጥቁር ልብሴን ከላይ እስከ ታች አየ። ገባው።

ሽርጡን ፈትቶ ወንበር ላይ ጣለው። አለቃው በስሙ ጠራው፤ አልዞረም። በጓሮ በር ወጥቶ ወደ እናቱ የሚያደርሰውን አውቶቡስ ፍለጋ ሲሮጥ የጫማው ድምፅ አስፋልቱ ላይ ይሰማኝ ነበር።

ቧንቧው ተመረቀ። የባለቤቴ ውል አልታደሰም፤ ነጋዴው ኢስሊ ከሱቁ ጀርባ ክፍል ሰጥቶን ያለ ፈቃድ ተደብቀን ተቀመጥን። በኋላ ሩንዳ ሄጄ የጥበቃውን ሠራተኛ ስለዚያ ሰው ጠየቅሁት። ሥራውን ትቶ ሄደ አለኝ፤ አልተመለሰም። እናቱስ፣ ደረሰላት ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «የማን እናት?» ብሎ ጠየቀኝ።